አክስቴን በጥቂት መስመር

የምሠራበት መድኃኒት ቤት ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ዳር ነው። ከባንኮኒው ጀርባ ቆሜ ወደ ውጭ ስመለከት ፀጉር አስተካካዩ፣ ሞባይል መሸጫው፣ ባጃጆቹ የሚሰለፉበት ጥግ፣ ከነሱ ኋላ ደግሞ የመናኸሪያው አጥር ይታየኛል። ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት ይህንን ነው የምሥለው። ወረቀቴ የመድኃኒት ካርቶን ነው። ካርቶኑን ፈትቼ ስገለብጠው ውስጡ ነጭና ለስላሳ ነው፤ የእስክሪብቶ ቀለም አይሰፋበትም። ችግሩ ትንሽነቱ ነው፤ ተዘርግቶ እንኳ ከመዳፌ ብዙ አይበልጥም።

መሣል የጀመርሁ ሰሞን ያየሁትን ሁሉ ካላስገባሁ የዋሸሁ ይመስለኝ ነበር። የቆርቆሮውን ሽንሽን አንድ በአንድ፣ የባጃጁን መስተዋት፣ መስተዋቱ ላይ የተለጠፈውን ሥዕለ አድኅኖ፣ የመብራት ሽቦውን፣ ሽቦው ላይ ያረፈችውን ወፍ። ግማሹን ሳልደርስ ባጃጁ ተነሥቶ ይሄዳል። ሌላ ይተካል። እኔም ከፊት የመጀመሪያውን፣ ከኋላ የሁለተኛውን አድርጌ የትም አገር የሌለ ባጃጅ እሠራለሁ። ሲያልቅ ካርቶኑ ጥቁር በጥቁር ነው፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ አጠገቡ ቆሞ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልገዋል።

ይህ አመል ከቤት የመጣ ነው። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። በቡሬ ዙሪያ ባሉ የገጠር አድባራት የእሳቸው እጅ ያላረፈበት ጥቂት ነው። እሳቸው በሣሉት ላይ ባዶ ቦታ ፈልጎ የሚያገኝ የለም። በቅዱሳኑ መካከል ክፍተት ካለ አበባ ይገባበታል፤ አበባው ካልሞላው ሐረግ ይጨመርበታል። ክፍተት መተው ስንፍና ነው ይሉኝ ነበር። ካረፉ ቆይተዋል፤ እስክሪብቶ ባነሣሁ ቁጥር ግን ትከሻዬ ላይ ቆመው «እዚህ ጋ ቀረሽ» የሚሉኝ ይመስለኛል።

ከዚህ አመል ያላቀቀኝ ጥበብ አይደለም፤ ደንበኛ ነው። የሐኪም ማዘዣ ይዞ የመጣን ሰው «ቆርቆሮው እስኪያልቅ ይታገሡኝ» አይሉትም። ስለዚህ ከመጀመሬ በፊት ራሴን መጠየቅ ለመድሁ፤ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዘሽ ሂጂ ብባል የቱን እይዛለሁ? ባጃጅ ከሆነ የጣሪያውን ጉብታና አንድ ጎማ። ቆርቆሮ ከሆነ ከዳር ሦስት አራት ሽንሽን፤ የቀረውን የሚያየው ሰው ራሱ ይሸነሽነዋል። ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ ዝርዝሩ ይጠፋና ትልልቁ ጥላና ብርሃን ይቀራል፤ ጥላውን ብቻ አስቀምጬ እተወዋለሁ። ሰማይን ጨርሶ አልነካውም። አወራሬ ቀላል አስመሰለው እንጂ እጅን መከልከል ከባድ ነው። መስመር በተውሁ ቁጥር ይቆጨኛል። ሲያልቅ ግን ያየሁት ቦታ እዚያ ካርቶን ላይ ቁጭ ብሎ አገኘዋለሁ።

ሁሉም ሰው አልወደደልኝም። ፀጉር አስተካካዩ የቤቱን ሥዕል ሳሳየው አገላብጦ አየና «ጽሑፉስ የታል? የማን ቤት እንደሆነ በምን ይታወቃል?» አለኝ። በሩ ላይ በተሰጣው ፎጣ ነዋ አልሁት። ካርቶኑን መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠና «በይ ጨርሰሽ አምጪው» ብሎ ወደ ደንበኛው ተመለሰ።

እኔ ግን በዚህ መንገድ የምፈልገው አንድ ሥዕል ነበር፤ የአክስቴ። እናቴ በልጅነቴ በመሞቷ ያሳደጉኝ የአባቴ እኅት ናቸው። ቡሬ ገበያ ዛላ በርበሬ እየሸጡ ነው ያስተማሩኝ። ልጅ የላቸውም፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ ደፉ። ቀጥሎም በርበሬውን እርግፍ አድርገው ትተው ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ላይ ወዳለ የሴቶች ገዳም ሊገቡ ቃል ሰጡ። እዚያ የገባች እናት ወደ ዘመድ አትመለስም። ቆብ ከደፉ ወዲህ ደግሞ ፎቶ እንቢ አሉ። «ከዓለም ሰው ተቆርጬ ፎቶ ምን ያደርግልኛል?» ይላሉ። ከዚያ በፊት የተነሡት የመታወቂያ ብቻ ነው፤ እሱ ላይ የተቀመጡት ሴትዮ ከሰው ተጣልተው የመጡ እንጂ አክስቴን አይመስሉም። ሥዕል ሲሆን ግን አልከለከሉኝም፤ የወንድማቸው ሙያ ነውና።

ስለ መሄዳቸው ሲያወሩ ፊታቸው ይፈካል። «ደስ ብሎኝ ነው የምሄድ» ይሉኛል፣ ሳልጠይቃቸው ሁሉ። ይህ ደስታቸው ያናድደኝ ነበር። ለነፍሳቸው የሚበጃቸውን መከልከል እንደማይገባኝ አውቃለሁ፤ አፌን ሞልቼ «ይቅሩ» ብያቸውም አላውቅም። ግን አሳድገውኝ ሲያበቁ እንዲህ እየሳቁ ጥለውኝ ሲሄዱ ትንሽ፣ ትንሽ እንኳ ቅር ቢላቸው ምን አለበት እያልሁ እብከነከን ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ቡሬ ሄድሁና ከመደባቸው ጎን ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሣልኋቸው። የቀረቻቸውን በርበሬ ለመጨረስ እየታገሉ ነው፤ አንድ ቦታ አይቀመጡም። ልክ ከገዢ ጋር ሲከራከሩ ከጎን ያዝኋቸው። ነጠላቸውን ከራሳቸው እስከ ትከሻቸው በአንድ ጉብታ፣ ግንባር፣ አፍንጫና አገጫቸውን ሳላነሣ በአንድ ጭረት፣ ለዓይን አንዲት ነጥብ፣ ከፊታቸው የበርበሬውን ክምር ዳሩን ብቻ። የቀረው ሁሉ ነጭ። እንዲያ ያለ መስመር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም፤ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ወዲያው ሰጠኋቸው።

በበርበሬ የቀላ ጣታቸው እንዳያበላሸው ዳር ዳሩን ይዘው አዩት።

«እጅሽ ቀልጥፏል» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ «አንዱን ዓይኔን የት ጥለሽብኝ ነው?»

«በጎን ሲታዩ እኮ አንዱ ነው የሚታየው፣ እቴቴ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። በጎን የሚሣሉትንም አውቃቸዋለሁ።»

ያኔ ነው የገባኝ። በአባቴ ሥዕሎች ላይ ጻድቅ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ምእመኑ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል። በጎን ተሥሎ አንድ ዓይን ብቻ የሚወጣለት ሰይጣን ነው፣ ይሁዳ ነው፣ ጌታን የሚገርፉት ናቸው። ይህን ፊደል ሳልቆጥር ነው ያወቅሁት። መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ባጃጅና ቆርቆሮ ስሥል ግን የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ገበያ ድረስ ይከተለኛል ብዬ አላሰብሁም።

«ይሄ የገበያ ሥዕል ነው እንጂ የቤተ ክርስቲያን አይደለም» አልኋቸው፤ ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም።

«ላንቺ ገበያ ነው። ለእኔ ፊቴ ነው። ከዓለም ልወጣ ተነሥቼ ሳለሁ ከይሁዳ ጋር ትቆጥሪኝ?»

ካርቶኑን ገልብጠው ሚዛኑ ሥር አደረጉትና ገዢያቸውን ማነጋገር ቀጠሉ። እኔም ተናደድሁ። ስንት ጊዜ ታግዬ ያገኘኋት መስመር ናት! ስነሣ ጉልበታቸውን ሳምሁ፤ መረቁኝ፤ ምርቃቱ ግን አጠር ያለ ነበር።

ከዚያ በኋላ መንገድ ተዘጋ። በእኛ አካባቢ በነዚህ ዓመታት መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ስልክም አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን አይሠራም። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ቅርብ ነው፤ በዚያ ሰሞን ግን ባሕር ማዶ ነበር የሚመስለኝ። መንገዱ ሲከፈት እኔ ሳልሰማ ይሄዱብኛል፣ በእጄ የሚቀረውም የተጣላን ዕለት ያየሁት ፊት ነው ብዬ ፈራሁ። መድኃኒት እስካቀርብላቸው የሚጠብቁትን ሴቶች ፊት ለፊት መሣል የጀመርሁት ያኔ ነው።

ፊት ለፊት ያለ ፊት ለጥቂት መስመር እሺ አይልም። በጎን ከሆነ አፍንጫው ብቻ የሰውየውን ማንነት ይናገራል። ፊት ለፊት ሲሆን ግን አፍንጫ ወደ እኔ ስለሚመጣ መስመር የለውም፤ ልሠራው ስታገል ድንች ይሆንብኛል። ስለዚህ አፍንጫን ተውሁት። ከቅንድብ ሥር ያለውን ጥላ በትክክል ካስቀመጥሁ አፍንጫው ሳይሣል ይታያል። ቀጥሎ ጆሮና ፀጉር ሄዱ፤ የነጠላው ጠርዝ ተካቸው። አፍን መተው ግን አልሆነልኝም። አፍ የሌለው ፊት የታፈነ ሰው ይመስለኝና ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ አንዲት አጭር መስመር አስገባለሁ።

አንድ ቀን ወደ ማታ አክስቴ በጎረቤት ስልክ ደወሉ። «መንገድ ተከፍቷል አሉ። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ» አሉኝ። ነይ አላሉኝም፤ አትምጪም አላሉኝም።

በማለዳው መኪና ደረስሁ። ቡሬ መናኸሪያ ውስጥ በአንዲት ፌስታልና በአንድ ጥቅል ብርድ ልብስ አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የባሕር ዳሩ ሚኒባስ እየሞላ ነው፤ ረዳቱ የቀሩትን ወንበሮች እየጠራ ይጮኻል። ጉልበታቸውን ሳምሁ። ካርቶንና እስክሪብቶ አወጣሁ።

«ወደ እኔ ይዙሩልኝ፣ እቴቴ።»

«አሁን?»

«አይቆይም።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ቆባቸውን አቀኑና ሙሉ ፊታቸውን ሰጡኝ። የቆቡን ጠርዝ፣ የነጠላውን ሁለት መስመር፣ ከቅንድብ ሥር ያለውን ጥላ አስቀመጥሁ። ከዚያ ዓይናቸውን። ምን እንደሚሰማቸው እያሰብሁ አልነበረም፤ ስሥል ሰው አይታየኝም፣ የሚታየኝ የመስመር አካሄድ ነው። የግራው ዓይን የታችኛው ቆብ አበጥ ብሏል፤ እንዳለ አደረግሁት። የቀኙ ዳሩ ላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ አወረድሁት። አፋቸው ሲቀረኝ ረዳቱ «እማሆይ፣ ይግቡ እንጂ! እርስዎን ነው የምንጠብቅ!» አለ። አክስቴ እጃቸውን ዘረጉና ካርቶኑን ወሰዱ።

ብዙ አዩት። ከዚያ በቀስታ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ ሁሉ፣ «ይቺ ሴትዮ መሄድ አትፈልግም» አሉ።

ደነገጥሁ። «አፏን ስላልሠራሁላት ነው እንዲህ የመሰለችው፤ ይስጡኝ ልጨርሳት» አልኋቸው።

«ተይው። አፏማ ደስ ብሎኛል ነው የሚል።»

ካርቶኑን መልሰው እጄ ውስጥ አኖሩት፤ ጣቶቼንም በላዩ አጠፏቸው። «አንቺው ያዢው። እኔ ይዤው ብገባ ያሳብቅብኛል።»

ያን ጊዜ አፌን ሞልቼ፣ ሰው እየሰማ፣ «ይቅሩ እቴቴ» አልሁ። አለቀስሁም።

«ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ልጄ» አሉ። ግንባሬን ሳሙኝ። ረዳቱ ብርድ ልብሱን ተቀበላቸው፤ ገቡ፤ በሩ ተዘጋ። ያንን ሁሉ ጊዜ ትንሽ ቅር ይበላቸው ብዬ ስመኝ የኖርሁት እኔ ነበርሁ። አሁን ቅር እያላቸው ሲሄዱ አየሁ፤ ደስ ብሏቸው በሄዱ ይሻለኝ ነበር።