ይግቡ ወይስ አይግቡ

አክስቴ ቤት ውስጥ ወሬ ከያዘች ማን ይችላታል፤ ሥራ ላይ ግን አፏን ለጉማ ነው የምትውለው። የሕዝብ አስተያየት በሚሰበስብ ቢሮ ተቀጥራ፣ መታወቂያዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የሰው ደጅ ስታንኳኳ ስድስት ዓመቷ ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ ጥያቄውን እንደተጻፈ አንብቢ፣ መልሱን እንደተነገረሽ ምልክት አድርጊ፣ የራስሽን ሆድ ይፍጀው።

የዘንድሮው ጥያቄ ግን እሷኑ ነካት። «ከወንዙ ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን ወደ ኅብረቱ ይግቡ ወይስ አይግቡ?» ማዶ ታላቅ እህቷ አለች፤ እዚያው አግብታ፣ እዚያው ወልዳ የቀረች። አገራችን የአገሮቹ ኅብረት ውስጥ ከገባች ወዲህ፣ አባል ካልሆነ አገር ድልድዩን ያለ ቪዛ መሻገር ቀረ። እህቷ ሁለቴ አመልክታ ሁለቴም ተከለከለች፤ እነሱም አጸፋውን እኛን ከለከሉን። ከተያዩ አሥራ አንድ ዓመት አለፋቸው። አክስቴ ገበያ መሀል የእህቷን አረማመድ የምትራመድ ሴት ካየች፣ እንዳልሆነች እያወቀች ትከተላታለች።

ባለፈው ሐሙስ የአንድ ጡረተኛ ልብስ ሰፊ በር አንኳኳች። ሽማግሌው በሩን ገርበብ ሲያደርጉት እዚያው ቆማ ጥያቄውን አነበበችላቸው።

«ይግቡ፣ ይግቡ» አሏት።

ደስ ብሏት ምልክቷን አደረገች። ሰውዬው በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ወንበር ሳቡላት።

«ጆሮዬ ደከም ብሏል። ምን ነበር ያሉኝ?»

እኔ ብሆን አመስግኜ ውልቅ ነበር። እሷ ግን ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችላቸው።

«እነሱማ አይግቡ። ሥራው መች ለእኛ ልጆች በቃ?» አሉና ፊቷን አይተው ደነገጡ። «ምነው፣ አስቀየምኩዎት እንዴ?»

የስድስት ዓመቱ ልጓም ያኔ ተፈታ። «እህቴ እዚያ ናት። ናፍቃኛለች» አለቻቸው።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው በእጅጌያቸው ጠረጉ። «ታዲያ ቀድመው አይነግሩኝም? እሷማ ትግባ። ሌሎቹ ይቅሩ እንጂ እሷ ምን አደረገች።»

ቅጹ ላይ ያለው ሳጥን ሁለት ብቻ ነው። አክስቴ «ይግቡ» የሚለውን ሰረዘች፤ ከጎኑ ያለው ላይ ምልክት አድርጋ ተሰናብታቸው ወጣች።

ቤት ገብታ ስታወራልኝ እንደ ልማዴ ልቀልድባት ነበር፤ አልሆነልኝም።

«ያን ሁሉ በር ሳንኳኳ» አለችኝ፣ «እህቴን ለይቶ ትግባ ያለልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። እሳቸውንም አይግቡ ብለዋል ብዬ ጻፍኳቸው።»