ቀይ ስትሆን አምጫት

በጨፋ ሸለቆ፣ ከቦርከና ወንዝ ወዲህ ባለችው ቀበሌ ገብታችሁ ሰዒዳን ብትጠይቁ፣ የጠየቃችሁት ሰው መንገዱን ከማመልከቱ በፊት ግራ ክንዱን በሁለት ጣቱ ከቦ ያሳያችኋል። ለኪዋ ሰዒዳ ማለቱ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሕፃናት ክንድ ስትለካ የኖረች ሴት ናት። ደመወዝ የላትም፤ በጎ ፈቃደኛ ነው የምትባለው። ለዚያ ሁሉ ዓመት የተሰጣት አንድ ጃንጥላ፣ አንድ ኮፍያና ሦስት ቀለም ያላት የላስቲክ ጥብጣብ ነው። ጃንጥላውን ነፋስ ወሰደው፤ ኮፍያውን ባሏ ሙሳ ማሽላ ሲጠብቅ ያጠልቀዋል። ጥብጣቧ ግን ከሻርፗ ጫፍ ተቋጥራ አብራት ትውላለች።

ሥራው ቀላል ነው፤ ልብ ለሌለው ሰው። ጥብጣቧ በሕፃኑ ክንድ ላይ ትዞርና ቀለሙ ይነበባል። አረንጓዴ ከሆነ ወደ ቤት። ቢጫ ከሆነ ምክር፦ እንቁላል አብዪው፣ ወተት አጠጪው፤ ያውም ዶሮዋንም ላሟንም ሰንበቴ ገበያ ወስዳ ለሸጠች እናት! ቀይ ከሆነ ግን ክንዱ ከመጠን በላይ ቀጥኗልና ጤና ኬላው ይከፈትና ከባሕር ማዶ የሚመጣው፣ ከለውዝ የተሠራው አልሚ ምግብ በእሽግ በእሽጉ ይታደላል። በወሩ ልጁ ጉንጭ ያወጣል።

መጀመሪያ ሰሞን ማን ይመናት! «የአሳማ ስብ አለበት» አሉ። «ፈረንጅ ልጆቻችንን ሊያመክንብን ነው» አሉ። ሰዒዳ አንድ ዓርብ ሰዉ ከጁምዓ ሲወጣ ጠብቃ፣ አንዱን እሽግ ቀደደችና «ቢስሚላህ» ብላ እስከ መጨረሻው መጠጠችው። ሙሳ «ሚስቴ ልትወፍርብኝ ነው» እያለ ወር ሙሉ ቀለደባት። እናቶቹ ግን ከዚያ ወዲህ ምግቡን ያመኑት እሷን አምነው ነው።

ሲያምኑ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ቢጫው ቀይ እንዲሆንላቸው «አዴ ሰዒዳ፣ ባላህ ይዤሻለሁ፣ ትንሽ ጠበቅ አድርጊው» ይሏት ጀመር። በዚህ ሰዒዳ ድርቅ ያለች ናት። አንድም ቀን ጠበቅ አድርጋ አታውቅም፤ ትኮራበትም ነበር።

ጀነት የምትባል እናት መጀመሪያ የመጣችው በዚያ ጊዜ ነው። የዓመት ተኩል ልጇን አፍናንን አዝላ ከቆላው ዳር የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሯ መጣች። አፍናን ቢጫ ነበረች፤ ከቀዩ የለያት የፀጉር ያህል ነው። ጤና ኬላው ውስጥ ደግሞ እሽጉ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል።

«ወላሂ አዴ፣ ቤት ውስጥ የሚቀመስ የለም» አለች ጀነት።

ሰዒዳ አዘነችላት፤ ግን ሕግ ሕግ ነው። «ቀይ ስትሆን አምጫት» አለቻት። ጀነትም እሺ ብላ ልጇን መልሳ አዝላ ሄደች።

ወር ሳይሞላ ዕርዳታው ቆመ። ባሕር ማዶ የተወሰነ ነው ተባለ፤ ወሬው የመጣው በሬዲዮ ነው። ዋርካው ሥር ወንዶቹ በሐሳብ ተከፋፈሉ። ሙሳ «እሰይ! እስከ መቼ ፈረንጅ ያጉርሰን? አሁን ሠርተን እንበላለን» አለ፤ በድርቁ ጊዜ ሦስት ዓመት የዕርዳታ ስንዴ የበላው ሙሳ። ጎረቤታቸው በድሩ «ድሮስ መች እኛ ዘንድ ደረሰ፤ ግማሹ መንገድ ላይ ነው የሚቀረው» አለ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ «አስለምደው ሲያበቁ መከልከል ግፍ ነው» ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ። ሰዒዳ ውሃ ቀድታ ስታልፍ ሁሉንም ሰማች። ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት ነበራቸው፤ ያናደዳትም ይኸው ነው። «እንግዲህ ሠርታችሁ ስትጨርሱ ጥሩኝ» ብላ እንስራዋን አስተካክላ አለፈች።

መስታወት የምትባለው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የነበረው እሽግ ታድሎ ያለቀበትን ባዶ መደርደሪያ አሳየቻት። ከተማ ድረስ ሄደው የጠየቁ እናቶችም ባዶ እጃቸውን ነው የተመለሱት።

«ታዲያ ጥብጣቧን ልመልስልሽ?» አለች ሰዒዳ።

«አይ፣ ልኬቱ አይቋረጥም። ሪፖርት ይፈለጋል» አለች መስታወት፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። 

ስለዚህ ሰዒዳ መለካቷን አልተወችም። ቀዩን ቀይ ብላ መዝገብ ላይ ታሰፍርና እናትየዋን ወደ ቤቷ ትሸኛለች። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርታ አታውቅም።

ባለፈው ማክሰኞ ጀነት ተመልሳ መጣች። ቆላው ዳር ወሬው አልደረሰም። «አካም ጅርታ» ተባባሉ፤ ከዚያ ጀነት ልጅቷን ከጀርባዋ አውርዳ እጅጌዋን ራሷ ሰበሰበችላት። «ለኪያት» አለች። አፍናን ያን ጊዜ ስትለካ አካባቢውን በለቅሶ አውካው ነበር፤ አሁን ዝም አለች። ጥብጣቧ ዞረችና ቀዩ ውስጥ ገባች፤ መሳብ እንኳ አላስፈለገም።

ጀነት በሰዒዳ ትከሻ ላይ አንገቷን አስግጋ ታይ ነበር። «ዲማ!» አለች። «ዲማ ነው አይደል? ቀይ ሆነች! አልሐምዱሊላህ!» ወዲያው ፎጣዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ እሽጎቹን ልትቋጥርበት መሬት ላይ ዘረጋችው።

ሰዒዳ ጥብጣቧን ከልጅቷ ክንድ ላይ ፈታች። ያን ቀን የፀጉር ያህል ሳብ ብታደርጋት ኖሮ! እሽጉ እስከ ጣሪያ ነበር እኮ። ያ የኮራችበት ነገር እሳት ሆኖ አቃጠላት።

«ጀነት፣ ምግቡ የለም። ቆሟል» አለች።

ጀነት አልገባትም። «ያኔ ቢጫ ናት አልሽኝ፤ እሺ ብዬ ሄድኩ። ይኸው ቀይ ሆነች። እንዳልሽኝ ነው እኮ ያመጣኋት» አለች።

ሰዒዳ ደግማ ነገረቻት፤ ባሕር ማዶውንም፣ ሬዲዮውንም፣ ባዶውን መደርደሪያም። ከዚያ ቤቷ ሮጣ ጥቂት የማሽላ ዱቄትና ሁለት እንቁላል አመጣች። ሙሳ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር፤ መንገድ ለቀቀላት። ያመጣችውን ፎጣው መሃል አኖረችው። ከሦስት ቀን አያልፍም፤ ሁለቱም ያውቁታል።

ጀነት ፎጣውን ቋጥራ፣ ልጇን አዝላ ልትሄድ ስትል ዞር አለች። ቁጣ የለባትም፤ መንገድ እንደጠፋው ሰው ነበር የምትጠይቀው።

«አዴ ሰዒዳ፣ ከቀይ ቀጥሎ ያለው ምን ቀለም ነው? እሱ ላይ ስትደርስ ላምጣት?»

ሰዒዳ ጥብጣቧን አየቻት። ከቀዩ ወዲያ ቀለም የለም። «ፀሐዩ ሳይበረታ ግቡ» ብቻ አለቻት። እናትና ልጅ ከማሽላው ማሳ ወዲያ ሲሰወሩ መዝገቡን ገለጠች፤ አፍናን ብላ ጻፈች፣ ከጎኑም ቀይ።