ጨሌ የዋጠ ጎማ

ባለፈው ወር የመኪናዬ መሪ እየተንቀጠቀጠ አስቸገረኝና አሰላ ውስጥ አዲስ ወደተከፈተ ጎማ ቤት ወሰድኳት። ሠራተኛው ጎማውን ፈትቶ አንድ ነጭ ማሽን ላይ ሰቀለው። ማሽኑ ጎማውን ሲያሽከረክረው ቆየና ቀይ ቁጥር አወጣ። ሰውየው ቁጥሩን አይቶ ትንሽ የእርሳስ ቁራጭ ቸርኬው ጠርዝ ላይ በመዶሻ መታ መታ አድርጎ አጣበቀና «አለቀ» አለኝ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። እኔ ግን ከቆምኩበት አልተንቀሳቀስኩም። የጎማ፣ የማስቲሽና የቤንዚን ሽታ አንድ ላይ ተቀላቅሎ መጥቶብኝ ነበር፤ ያ ሽታ ደግሞ ለእኔ የአንድ ሰው ሽታ ነው።

ጋሽ ከድር ጎሚስታው ጎረቤታችን ነበሩ። ጎማ ቤታቸው ወደ በቆጂ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ከእኛ ግቢ በአንድ የቆርቆሮ አጥር የሚለይ የእንጨት ቤት ነው። ከፊቱ ግማሹ መሬት ውስጥ የተቀበረ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ ጎማ ቆሟል። «ጎሚስታ» የሚለውን የጻፉበት ራሳቸው ስለነበሩ የመጨረሻው ፊደል ቦታ አጥቶ ወደ ላይ ተንጠላጥሏል። ውስጡ የሚያስል ኮምፕሬሰር፣ ባትሪው በጎማ ቁራጭ የታሰረ ሬዲዮና የተበሳ ጎማ የሚነከርበት ግማሽ በርሜል ውኃ ነበር። ሐምሌ ላይ እዚያ በርሜል ውስጥ እጅ መንከር ምን ማለት እንደሆነ የአሰላን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ጋሽ ከድር ግን እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ከትተው ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ የሱፍ ኮፍያ ከራሳቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። በሥራቸው ደግሞ እልኸኛ ናቸው። አንድ ጎማ አልበጅ ካላቸው ያኮርፋሉ፤ የሚያኮርፉት ባለመኪናውን አይደለም፣ ጎማውን ነው። ጀርባቸውን ይሰጡትና ሻያቸውን ይጠጣሉ።

አባቴ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። እሱና እናቴ ከጎጃም በሥራ ምክንያት መጥተው ነው አሰላ የገቡት፤ እኔ በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ነው የመጣሁት። የሚነዳው መኪና ትልልቅ ጥርስ ያላቸው የጭቃ ጎማዎች የተገጠሙለት ነጭ ፎርዊል ነው። በሳምንት ሦስት ቀን የእርሻ ባለሙያዎችን ይዞ ጭላሎ ተራራ ሥር ወዳሉት ቀበሌዎች ይወጣል፤ በቀረው ቀን በአስፋልቱ ወደ አዳማ ይወርዳል። ጣጣው የሚመጣው አስፋልቱ ላይ ነው። መኪናው ስልሳ ሲገባ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ሰማንያ ሲገባ የተሳፋሪው ጥርስ ይጋጫል። አባቴ አዳማ ወርዶ በማሽን ያስመዝነዋል፣ እርሳስ ይመቱለታል፣ ቀጥ ብሎ ይመጣል። በማግስቱ ጭላሎ ሲወጣ ድንጋዩ እርሳሱን ነቃቅሎ ይጥለውና መኪናው ያው ወደ መንቀጥቀጡ ይመለሳል። አባቴ ማታ ማታ እራት ሲበላ እንኳ እጁ ይርገበገብ ነበር፤ እናቴ ወጡን ወደ እሱ ጠጋ ታደርግለታለች።

በመጨረሻ ባለሙያዎቹ አቤት አሉ። መሥሪያ ቤቱም መኪናው ካልተስተካከለ ወደ አዲስ አበባ እንደሚመለስ፣ ሾፌሩም ወደ ጋምቤላ እንደሚዛወር ለአባቴ ነገረው። የትራንስፖርት ኃላፊው በሦስት ሳምንት ውስጥ መጥቶ፣ ራሱ ተቀምጦበት ይወስናል ተባለ። እኔ ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ጋምቤላ መጥፎ አገር ነው ያለኝ የለም፤ ነገር ግን ከአሰላ ሌላ የማውቀው አገር አልነበረኝም። ሦስት ቀን ሙሉ አለቀስኩ። ጋሽ ከድር ወሬውን ሲሰሙ አባቴን አላጽናኑትም። ወደ መኪናው ሄዱና ለፊት ጎማው ጀርባቸውን ሰጡት።

ሁለት ሳምንት ሲያልፍ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ከጅቡቲ መስመር የመጣ የከባድ መኪና ሾፌር ጎማ ሲያስለጥፍ «በውጭ አገር እኮ እርሳስ ትተዋል፤ ጎማው ውስጥ ትናንሽ፣ ድቡልቡል፣ ደረቅ ነገር ይጨምራሉ፤ እሱ ራሱ ቦታውን ይፈልጋል» ብሏቸው ነበር። የምን ነገር እንደሆነ አልጠየቁትም፣ እሱም ሳይነግራቸው ሄዷል። እኔ በርሜሉ አጠገብ ቁጭ ብዬ ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃቸው በጋሪ አስረዱኝ። «ጋሪ ላይ አንድ ወፍራም ሰው በቀኝ ሲቀመጥ ሌሎቹ ምን ያደርጋሉ? ወደ ግራ ይጠጋሉ። ማን አዘዛቸው? ማንም። ጎማውም ሲሮጥ እንደዚያ ነው። ከባድ ጎን አለው፤ ውስጡ ያለው ነገር ወደ ቀላሉ ጎን ይጠጋለታል።» ከዚያ ወዲህ ብዙ አስተማሪ አስተምሮኛል፤ እንደዚያ የገባኝ ትምህርት ግን ጥቂት ነው።

እንግዲህ የአርሲ ሰው ትናንሽ፣ ደረቅ ሲባል ምን ይመጣበታል? ገብስ። ገብስ መች ድቡልቡል ሆነ ብሎ የተከራከራቸው አልነበረም። ባለቤታቸው አዴ ሙሚና ገብሱን ፈትገው፣ እንዳይረጥብ ብለው ደህና አድርገው ቆሉት። ጋሽ ከድር ጎማዎቹን ፈልቅቀው ለእያንዳንዱ ሁለት ጭብጥ ቆሎ ጨመሩ። በመጀመሪያው ቀን አባቴ ከአዳማ እየዘፈነ ተመለሰ። በሁለተኛው ቀን መዝፈኑን ተወ። በአራተኛው ቀን ጭላሎ ወጥቶ፣ ወንዝ ተሻግሮ ሲመለስ መኪናው ከድሮው የባሰ እየዘለለ መጣ። ጋሽ ከድር ጎማውን ከፈቱት። ቆሎው አራት ቀን ሙሉ ሲንከባለልና ሲጋል ተፈጭቶ በሶ ሆኗል። በጎማው ውስጥ የነበረው እርጥበት ደግሞ በሶውን አቡክቶት፣ አንድ ጎን ላይ ጡጫ የሚያህል ጭብጦ ተጋግሯል።

ሁላችንም ጭብጦውን ከበን ቆምን። ጋሽ ከድር ቆርሰው አሸተቱት።

«ጨው ብቻ ነው የጎደለው» አሉ።

አባቴ ያን ጊዜ የሳቀውን ሳቅ ከዚያ በኋላ ሲስቅ አልሰማሁም። ዝውውሩ ደጅ ቆሞ፣ እሱ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። እኔ ግን አልሳቅሁም። ኃላፊው የሚመጣው ከነገ ወዲያ ነበርና ጋሽ ከድርን ተቆጣኋቸው፤ «በእርስዎ ምክንያት ልንሄድ ነው» አልኳቸው። እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ጋሽ ከድር ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አሻሹ። ራሰ በራ መሆናቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው።

አዴ ሙሚና ከበሩ ላይ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። አጭር፣ ፈጣን፣ ነገር የማያስረዝሙ ሴት ናቸው። ገቡና ጨሌያቸውን ይዘው ወጡ። ለአንድ የአርሲ ሴት ጨሌ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ሲዳሩ እናታቸውና አክስቶቻቸው ያሰሩላቸው የአንገት፣ የግንባርና የደረት ጌጥ ነው፤ ቀዩ፣ ቢጫው፣ ነጩ በየተራ የተሰካ የብርጭቆ ዶቃ፤ ሰርግ በተጠራ ቁጥር የሚወጣ፣ ከሰርግ መልስ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሳጥን የሚገባ። የሻይ ትሪ ላይ አስቀመጡትና መቀስ አነሱ።

ጋሽ ከድር ደነገጡ። «ሙሚና፣ ይሄ ያንቺ አይደለም እንዴ?» አሉ።

«ዲሲ፣ ተወኝ» አሉ አዴ ሙሚና፣ ክሩን እየቆረጡ። «የእኔ ስለሆነ ነው የምቆርጠው። ሳጥን ውስጥ ከሚተኛ አገር ይዙር።»

ጨሌው ትሪው ላይ ሲወርድ የነበረው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ለአንድ ጎማ አንድ የሻይ ብርጭቆ ሙሉ ያስፈልግ ነበር። ሦስቱ ሞሉ፤ አራተኛው ከግማሽ በታች ቀረ። ወሬው በአጥር አለፈና የሰፈሩ ሴቶች እያንዳንዳቸው ከአምባራቸው፣ ከአንገታቸው እየፈቱ አመጡ። እኔም ከሹሩባዬ ጫፍ ላይ ዶቃዎቼን ፈትቼ ሰጠኋቸው። ጋሽ ከድር በጥርሳቸው ነከስ አድርገው አዩና «ይሄ ፕላስቲክ ነው፤ ሙቀት አይችልም» ብለው መለሱልኝ። ፊቴን ሲያዩ ግን አንዷን መርጠው ወሰዱ፤ «ይቺ ብርጭቆ ናት» አሉ። ብርጭቆ እንዳልነበረች ዛሬ አውቃለሁ። ጎማዎቹን በጨርቅ ጠርገው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው፣ እንዳይጣበቅ የገላ ፓውደር ነስንሰው ጨሌውን ጨመሩ። ከዚያ አየር ሞሉ።

ኃላፊው በጠዋት መጣ። ግራጫ ሱፍ የለበሰ፣ የሚቸኩል፣ ሰዓቱን የሚያይ ሰው ነበር። አባቴ እስከ ዴራ ወርደው እንዲመለሱ ሐሳብ አቀረበ፤ መንገዱ አስፋልት ነው፣ ቁልቁለትም አለው፣ ፍጥነት ያሳያል። ኃላፊው መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ሊዘጋ ሲል አዴ ሙሚና አንድ ትልቅ ኩባያ ወተት እስከ አፉ ሞልተው ይዘው መጡ። እንግዳ ወተት ሳይቀምስ ከደጃቸው ሄዶ አያውቅም። ኃላፊው ቸኩያለሁ አለ። እሳቸው ኩባያውን እጁ ላይ አስቀምጠው በሩን ዘጉበት። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሰው ጥርሱ እስኪጋጭ በሚንቀጠቀጥ መኪና ውስጥ፣ ሱፍ በለበሰ ባለሥልጣን እጅ ላይ፣ የሞላ ወተት።

ጋሽ ከድር ያን ረፋድ ምንም አልሠሩም። አንዱን ካላማዳሪ፣ የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ሁለት ጊዜ ለጠፉት፤ የለጠፉት ደግሞ ያልተበሳበት ላይ ነው። እኔ ስለ ቁጣዬ ይቅርታ ልጠይቃቸው ፈልጌ ቃሉ አልመጣልኝ አለ። ሬዲዮውን ከፈቱ፣ ዘጉ። አዴ ሙሚና ብቻ ምንም እንዳልተፈጠረ ግቢያቸውን ይጠርጉ ነበር።

በዚያ መኪና ውስጥ የሆነውን አባቴ ዕድሜ ልኩን ሲያወራው ስለኖረ እኔም አብሬ የሄድኩ ያህል አውቀዋለሁ። ከከተማ እስኪወጡ ጨሌው ቦታውን አልያዘም ነበርና መኪናው ትንሽ ተርገበገበ፤ ወተቱም ኃላፊው ሱሪ ላይ ጠብ አለ። አባቴ ጋምቤላ ታየችው። ስልሳ ሲገቡ መሪውን ጨብጦ ጠበቀ። ምንም። ሰባ። ምንም። ሰማንያ ላይ በዓይኑ ጫፍ ኩባያውን አየው፤ የወተቱ ፊት ቀጥ ብሎ ተኝቷል። ኃላፊውም ወተቱን እያየ ነበር። ኢተያን ሲያልፉ ኩባያውን በተረጋጋ እጅ አነሳና ጭልጥ አድርጎ ጠጣው።

ሲመለሱ መኪናው ከመታየቱ በፊት ነው የሰማነው። አባቴ ፍሬን ይዞ ሲያዘግም ጨሌው ከያዘው ቦታ ለቅቆ፣ በጎማው ውስጥ ሽርር ብሎ ወረደ፤ ሴቶች በሰርግ ሲጨፍሩ አንገታቸው ላይ የሚሰማው ድምፅ። ኃላፊው ወርዶ ባዶውን ኩባያ ለአዴ ሙሚና በሁለት እጁ መለሰ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረና «የታመመው መኪና የቱ ነው ታዲያ?» አለው። መኪናውም ሾፌሩም አሰላ ይቆዩ የሚለውን ወረቀት በዚያው ቀን ፈረመ። ጋሽ ከድር ወደ ጎማ ቤታቸው ገብተው ጥቂት ጊዜ ቆዩ። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ የማስቲሹ ሽታ ነው አሉ።

ከዚያ በኋላ ጎማ በተቀየረ ቁጥር ጋሽ ከድር ጨሌውን አውጥተው፣ አጥበው፣ አድርቀው ለአዲሱ ይሰጡታል። ቀለሙ እየደበዘዘ፣ እርስ በርሱ እየተፋጨ ሄዶ በመጨረሻ ነጩ ከቀዩ አይለይም ነበር። አባቴ ጡረታ ሲወጣ መኪናው በጨረታ ተሸጠ፤ ገዢው ውስጡ ምን እንዳለ ማንም ሳይነግረው ነድቶት ወደ ባሌ ሄደ። ጋሽ ከድር ካረፉ አምስት ዓመት ሆናቸው። ጎማ ቤታቸው ዛሬ የሞባይል ሽፋን ይሸጥበታል። ሙያቸውን የወረሰ ልጅ የላቸውም፤ ጨሌ ጎማ ውስጥ የሚጨምር ሰውም ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

እኛ ግን አሰላ ቀረን። ትምህርቴን የጨረስኩት እዚህ ነው፤ ባለቤቴን ያገኘሁትም እዚሁ፣ በዚሁ ብርድ ውስጥ ነው። በሰርጌ ቀን ጋሽ ከድር በሕይወት ነበሩ፤ አዲስ ኮፍያ አድርገው ከአባቴ ጎን ተቀምጠው ነበር። የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ጨሌያቸውን አድርገው መጡ። አዴ ሙሚና ብቻ አንገታቸው ባዶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ አላሰሩም። ነገሩን የማታውቅ አንዲት የባለቤቴ ዘመድ ጠጋ ብላ «አዴ፣ ጨሌዎን የት ጣሉት?» ስትላቸው ሰማሁ።

አዴ ሙሚና በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቷት።

«ያቻትልሽ፣ ነጭ ለብሳ» አሉ።