ሦስተኛው ፊውዝ

ሐምሌ ሃያ ነበር መሰለኝ፤ ኧረ ነሐሴም ገብቶ ሊሆን ይችላል። ብቻ ዝናቡ ለሳምንት አላባራም። ከአልጋ የማትነሳው እናቴ በቀን ሦስት አንሶላ ትፈልጋለች፤ የልብስ ማድረቂያው ማሽን ግን ይሽከረከራል እንጂ አያሞቅም።

ጠጋኙ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ስድሳን የተሻገረ፣ እጅጌውን በላስቲክ የሚያስር፣ ከሰው ይልቅ ከመፍቻው ጋር የሚያወራ ሰው ነው። የፊት ክዳኑን ፈቶ የማሞቂያውን ፊውዝ ሲለካ በረጅሙ ተነፈሰ።

"እህቴ፣ ይኼም ተቃጥሏል! ፊውዝ ስንቀይር ልንከርም ነው?"

"ምን ላድርግ ጋሼ? የብናኝ ማጣሪያውን በየቀኑ እጠርጋለሁ።"

ማሽኑን ከግድግዳው ጎትቶ የአየር መውጫ ቱቦውን ነቀለ። ቱቦው ተጨፍልቆ፣ ክንድ የሚያህል የልብስ ብናኝ ተጠቅጥቆበት ኖሯል።

"አፍንጫውን አፍነሽ ሩጥ ትዪዋለሽ! ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ነው ፊውዙ የሚቃጠለው። እኔስ ብሆን፣ ሁለቴ መጥቼ ጀርባውን ዞሬ አላየሁ!"

ቱቦውን ጠርጎ፣ አዲስ ፊውዝ ገጥሞ፣ እርጥብ አንሶላ ከትቶ እስኪደርቅ እየተነጫነጨ ጠበቀ። የደረቀውን አንሶላ ሲያወጣ ግን ወዲያው አልሰጠኝም። በመዳፉ ዳሰሰው፤ ጠርዙን ፈልጎ ገለበጠው።

"ስፌቱን ወደ ታች አድርገሽ ለእናትሽ አንጥፊላቸው። የተኛ ሰው ጀርባ በስፌት ይላጣል። ትኩሱንም እንዳታነጥፊ። አይነግሩሽም፤ ዝም ብለው ይችሉታል።"

ይህን ሐኪሙም አልነገረኝም። አንሶላውን አራግቤ አቀዘቀዝኩት፤ እንዳለኝም አድርጌ ለእናቴ አነጠፍኩ። ከማን አልጋ አጠገብ እንደተማረው ልጠይቀው ስመለስ ማሽኑ እየሠራ ነበር፤ እሱ ግን ሄዷል።