ከጀርባ የሚሰካ ዲሌይ

በአዲስ ከተማ ባለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ጊታር የሚጫወተው ያቤጽ የሻጭ ቃል አያምንም። ባለፈው እሁድ፣ ድምፅን እንደ ገደል ማሚቶ የሚደግመው ዲሌይ ፔዳሉ ሻክሮ ዝማሬ አቋርጦበታል። አሁን ፒያሳ ወዳለው የአልአዛር ሱቅ የመጣው አምፕሊፋየሩን በታክሲ ጭኖ ነው።

አልአዛር አንድ ፔዳል ከአምፕሊፋየሩ ፊት ሰክቶ የሱቁን ጊታር በቀስታ መታ። ድምፁ ጥርት ብሎ ተመለሰ።

«ከጀርባ፣ ኢፌክት ሉፕ የሚባለው መሰኪያ ላይ ሰካው። ጠንከር አድርገህ ምታ» አለ ያቤጽ።

«ወንድሜ፣ ሚስትህንም እንዲህ ፈትነህ ነው ያገባኸው?»

«እሷን የመረጠችልኝ እህቴ ናት። ምታ!»

ከጀርባው መሰኪያ የሚመጣው ጠንካራ ድምፅ ለፔዳሉ በዛበትና ሻከረ። አልአዛር ሳይከራከር ከባንኮኒው ስር ሌላ አወጣ።

«ይሄ ይችለዋል።»

«ለምን ደበቅከው?»

«እኔም እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እጫወታለሁ። ለራሴ ያስቀመጥኩት ነው።»

ያቤጽ ሳይፈትን ገዛው።