ከብረት ማቅለጫው በታች የነበረችው ምንጭ

መጀመሪያ ቀን ውዳቂ ብረት ጭኜ ኮምቦልቻ ማቅለጫው በር ስደርስ፣ የሚዛን ሠራተኛው ከጭነቴ ውስጥ አፉ የታሸገ የጋዝ ሲሊንደር አወጣ። «ይቺ ምድጃ ውስጥ ብትፈነዳ ከሁላችንም ለቀብር የሚተርፍ የለም» አለኝ። ትምህርት ቤቴ ያ ሚዛን ነው።

ኢሕአዴግ ከገባ በኋላ ነው፤ ግንባታ በዝቶ ፌሮ ይፈለግ ነበር። ከደጋን እስከ ደሴ የሞተ መኪና፣ የተጣመመ ላሜራ፣ የተሰበረ የብረት አልጋ እየገዛሁ አቀርባለሁ።

ከፋብሪካው በታች ሸህ ይመር የሚባሉ ገበሬ አንዲት ምንጭ ነበረቻቸው። ከብታቸውም ሽንኩርታቸውም የሚጠጣው ከሷ ነው። ፋብሪካው ከቀለጠ ብረት ላይ የሚገፈፈውን ቆሻሻ፣ የብረት አር የምንለውን፣ ከምንጯ ራስጌ መድፋት ጀመረ። ክረምት ሲገባ ውሃው መልኩን ቀየረ። አንዲት ላም ሞተች።

«ለሥራ አስኪያጁ ነገሩት?» አልኳቸው።

«ነገርኩት። ‹ይጠናል› አለኝ። ላሚቱ ጥናቱን ሳታይ ሄደች።»

ጥናቱም መጣ። ፋብሪካው አገሩን ሳይጎዳ መዝለቅ መቻሉን ሊመዝኑ ሁለት ባለሙያዎች ከአዲስ አበባ ወረዱ። ውዳቂ ብረት መልሶ ማቅለጥ ከመሬት ቆፍሮ ከማውጣት ይሻላል ብለው እኔን አመሰገኑኝ። እስከዚያ ቀን ሰው እኔን ሲያይ ድስቱን ነበር የሚቆጥረው።

የነዋሪ ስብሰባ ተጠራ። ሸህ ይመር ልብሳቸውን አጥበው፣ የምንጯን ነገር ሊናገሩ መጡ። ሥራ አስኪያጁ ብልጥ ነው። ገና ሳይቀመጡ፣ «ሸሃችን ባሉበት ማን ይቀድማል? በዱዓ ይክፈቱልን» አላቸው።

እኛ ዘንድ ዱዓ የተጠየቀ ሽማግሌ እምቢ አይልም። እጃቸውን ዘረጉ። እንግዶቹን፣ ሠራተኛውን፣ ፋብሪካውን ሳይቀር መረቁ። እስላሙም ክርስቲያኑም አሜን አልን።

«ቅሬታ ያለው?» አለች ከሁለቱ ባለሙያዎች አንዷ። ሸሁ መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ልናገር ብነሣ በዓይናቸው አስቀመጡኝ።

«እንግዲህ አባቶች ፋብሪካውን መርቀዋል» አለች። «ድጋፋችሁን በሪፖርቱ እናሰፍራለን።» ከልቧ ነው ያመሰገነችው።

ስንወጣ ተናደድኩ። «ምነው ዝም አሉ?»

«አሁን አሜን ባስባልኩበት አፌ ልክሰሰው? ወላሂ አፈርኩ።»

«ታዲያ ምንጯስ?»

«አብሽር፣ ሳያዩዋት አይሄዱም።»

ከሰዓት በኋላ መኪናቸው በደሴ መንገድ ወደ አየር ማረፊያው አለፈ።

በዓመቱ ሽንኩርቱ ማሳው ላይ ደረቀ። ሸሁ የተረፉትን ከብቶች ሸጠው ደሴ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ሆነ። ከመሄዳቸው በፊት ማረሻቸውን ይዘውልኝ መጡ።

«መዝነው» አሉኝ።

«ለልጅዎ ይቆይ እንጂ።»

«ልጄ ሻይ ቤት ነው ያለው። በማረሻ ስኳር ሊያማስል ነው?»

ሳቅሁላቸው፤ እሳቸው አልሳቁም። እንደማንኛውም ብረት መዘንኩት። በማግስቱ ከሌላው ጋር ምድጃ ገባ።

ፋብሪካ ልትመዝኑ የምትወጡ ልጆች፣ ከስብሰባው በፊት ከፋብሪካው በታች ውረዱ። ውሃውን እዩ። ባለቤቱንም ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ ብቻውን ጠይቁት።