አው ሙሐዲን የፈረሙበት የዓለም ፍጻሜ

አው ሙሐዲን በሕይወታቸው አንድም ጊዜ በሐሰት ፈርመው አያውቁም። ይህ ሙገሳ አይደለም፤ የመከራቸው መነሻ ነው። በሐረር ግንብ፣ ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ አርባ ዓመት ሲሰፉ፣ ሰፈሩ ለኒካሕም ለቤት ሽያጭም ለእርቅም ምስክር ያደረገው እሳቸውን ነው። እንደ አባት ስለሚታመኑ ነው በሐረሪ ቋንቋ "አው" የተባሉት። "አው ሙሐዲን ከፈረሙበት አለቀ፣ እውነት ነው" ይባላል። የልጅ ልጃቸው ሀናንም ይህንን እየሰማች ነው ዘጠኝ ዓመት የሞላት።

የቢሮ ጥበብ የገባው በዚህ መሐል ነው። ከግንቡ ውጭ አዲሱ ከተማ ካሉት መሥሪያ ቤቶች አንዱ፣ እሑድ እሑድ በወጣት ማዕከል ለልጆች የሚታዩትን ፊልሞች የሚመረምር ኮሚቴ አቋቋመ። ሰፊው ሕዝብ ይወከል ተብሎም ኮሚቴው ሁለት ሰው ሆነ፤ ፎርሙን የምትሞላው ወይዘሮ ገላነሽና የኅብረተሰቡ ተወካይ አው ሙሐዲን። ልብስ ሰፊ ለምን? የትውልዱ ትልቁ አደጋ የእጅጌ ማጠር መሆኑ በስብሰባ ስለጸደቀ፣ እጅጌ መለካት የሚያውቅ ሰው ያስፈልግ ነበራ!

ፎርሙ አምስት ሳጥን አለው፤ መሳሳም፣ እርቃን፣ መጠጥና ሲጋራ፣ ደም፣ ስድብ። አንዱ ላይ ምልክት ከገባ ፊልሙ ይታገዳል። አምስቱም ባዶ ከሆኑ "ለሁሉም ዕድሜ" የሚል ማህተም ይመታበታል። አሠራሩ ደግሞ ከዚህም የባሰ ብሩህ ነው። ገላነሽ ድምፁን ዘግታ ፊልሙን በኮምፒውተሯ ላይ እያስሮጠች ታሳልፈዋለች፤ የምታቆመው ወንድና ሴት ሲቀራረቡ ብቻ ነው። የሁለት ሰዓት ፊልም በአሥራ ሁለት ደቂቃ ይመረመራል።

የዚያን ቀኑ ፊልም ስለ ኑክሌር ጦርነት ነበር። ሲሮጥ የታየውም ይኸው ነው፤ ኮት የለበሱ ሰዎች ቢሮ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ስልክ ያነሳሉ፣ ግድግዳው ላይ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ስክሪኑ ነጭ ይሆናል።

"የሚሳሳም የለም" አለች ገላነሽ።

"እጅጌው ሁሉ እስከ አንጓ ነው" አሉ አው ሙሐዲን ፊታቸው በርቶ። "የኮቱን አሰፋፍ አየሽው? ማሻአላህ! ሴቶቹም ተሸፍነዋል።"

"ደምስ?"

"ጠብታ የለም።"

እውነታቸውን ነው። በዚያ ፊልም ከተማ ሙሉ ዱቄት ሲሆን አንድ ጠብታ ደም አይፈስም። ዓለምን የሚያነድዱት ጌቶች ቁልፋቸው እስከ አንገት የተቆለፈ ጨዋዎች ናቸው፤ እንዲህ ያለ ንጹሕ እልቂት በየትኛው ሳጥን ይገባል? አው ሙሐዲን መነጽራቸውን አጠለቁና ፈረሙ። ማህተሙ ተመታ፣ ወረቀቱም በማዕከሉ በር ላይ ተለጠፈ።

እሑድ ከሰዓት ሀናን ከጓደኞቿ ጋር ገባች። እሷ ፊልሙን ሳይሮጥ፣ ከነድምፁና ከነአማርኛ ትርጉሙ አየችው።

ሰኞ ጠዋት የቤቱ ጀሪካኖች ከግቢ ጠፉ። ሐረር ላይ የቧንቧ ውሃ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ አላህ ብቻ ነውና፣ ሰባት ጀሪካን ውሃ ማለት የቤቱ ነፍስ ነው። የሀናን እናት ናፊያ ስታስስ ቆይታ ኪርተት ውስጥ አገኘቻቸው። ኪርተት በድሮው ቤት ሙሽሮች ከሠርግ በኋላ የሚሰነብቱባት፣ መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል ናት። ጀሪካኖቹ ግድግዳውን ታከው ተደርድረዋል። ሀናን መሐላቸው ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች።

"ውጪ አንቺ! ምን ሆነሽ ነው?"

"መስኮት ያለበት ክፍል ለቦምቡ አይሆንም እማ። ውሃም ያልቅብናል።"

ናፊያ ሰኞ ሳቀች። ማክሰኞ ተቆጣች። ረቡዕ ሸኽ ጠርታ ዱዓ አስደረገች። ሐሙስ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ከቀረች አራት ቀን ሆናት፤ ከሚሰጣትም ምግብ ሁለት ጉርሻ ቀምሳ የቀረውን "ለኋላ" እያለች በፌስታል ትቋጥራለች። ጉንጯ ጎድጉዷል። ናፊያ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ሮጣ አባቷ የስፌት መኪና ፊት ቆመች።

"አባ፣ ያበላሹትን ያስተካክሉ። ውሸት ነው ስላት 'ባባ ፈርመውበታል' ትለኛለች። በአላህ ልጄን ያውጡልኝ!"

አው ሙሐዲን ቤት ገብተው ኪርተቷ በር ላይ ተንበረከኩ።

"ሀናንዬ፣ ፊልም እኮ ነው። ጨዋታ ነው።"

"ጨዋታ ላይ ይፈርማሉ እንዴ ባባ?"

ነይ ብለው እጃቸውን ዘረጉላት።

"ፊርማዎን ካነሱ እወጣለሁ" አለች።

አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ባጃጅ ይዘው ቢሮ ደረሱ።

"ገላነሽ፣ ያ ማህተም ይሰረዝ።"

ፎርሙን አወጣች። "በየትኛው ሳጥን ጋሼ?"

"ልጅቷ እያየኋት ልታልቅብኝ ነው ስልሽ ሳጥን ትጠይቂኛለሽ?"

"ታዲያ ምን ላድርግ? ለመሰረዝም ከአምስቱ አንዱ መገኘት አለበት። የዓለም መጥፋት የሚል ሳጥን የለኝም።"

"መሳሳም አለበት ብለሽ ሙዪው።"

"የት ቦታ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ! ከስልኩ በኋላ በይ!"

"እርስዎ? በሐሰት ሊፈርሙ?"

ሽማግሌው እስክሪብቶውን መልሰው አስቀመጡ። ለካ አርባ ዓመት የተጠበቀ ስም እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። "እንግዲያው ክፈቺው" አሉ። "ሳታስሮጪ። ድምፁንም ልቀቂው።"

ኮሚቴው ከተቋቋመ ጀምሮ ፊልም ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነበር። አው ሙሐዲን ስክሪኑ ላይ አፍጥጠው "አንድ ስድብ፣ ያ ረቢ፣ አንዲት ስድብ!" እያሉ ይለምናሉ። ስድብ አልመጣ አለ። የመጣው ባለኮቱ ሰውዬ ነው፤ ቦምቡ ሊወድቅ አሥራ ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ሴት ልጁ ጋ ደውሎ መስኮት የሌለው ክፍል እንድትገባ፣ ውሃም እንድትይዝ ነገራት። አው ሙሐዲን ልመናቸውን አቆሙ። ገላነሽም የያዘችውን ሻይ ረሳችው። ቁጥሩ ሊያልቅ ሲል አንድ ጄኔራል አልነሳ ያለውን ስልክ እናቱን ሰደበ፤ ወዲያው ስክሪኑ ነጭ ሆነ።

"ስድብ" አለች ገላነሽ። ሳጥኑ ላይ ምልክት አደረገች። ዓለምን ያጠፋ ፊልም ስልክ በመስደቡ ታገደ፤ ሕግ ተከበረ፣ ፋይሉም ተዘጋ።

አው ሙሐዲን አልተነሱም። "ገላነሽ፣ ይሄ ነገር የምር አለ?"

"አለ ጋሼ።"

"መከልከያ ፎርም የለውም?"

አላሳቃትም። እሳቸውም አልቀለዱም።

የማዕከሉን በር ወረቀት ልጠው፣ በገላነሽ አሰርዘው ቤት ገቡና በኪርተቷ በር አቀበሉ። ሀናን ወደ ብርሃኑ አስጠግታ አየችው። በማህተሙ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል።

"ተሰረዘ?"

"ተሰረዘ። በይ ነይ ውጪ።"

"ቦምቡም ውሸት ነው ማለት ነው?"

ናፊያ ከኋላቸው ቆማ ትሰማለች። አው ሙሐዲን ዓይናቸውን ወደ ጀሪካኖቹ መለሱ። ልጅቷ ወረቀቱን ገለበጠችና ከደብተር ቦርሳዋ እርሳስ አወጣች።

"ውሸት ነው ብለው እዚህ ይፈርሙልኝ።"

እርሳሱን ተቀበሉ። "አባ፣ ይፈርሙላት!" አለች ናፊያ። ጉልበታቸው ላይ አድርገው "ቦምብ የሚባል የለም" ብለው ጻፉ፤ ከሥሩም ፈረሙ። ዓይኗን ሳያዩ እርሳሱን መለሱላት።

ሀናን ወረቀቱን አንዴ በፊቱ አንዴ በጀርባው አየችው። አንደኛው ፊርማ እንደ ስፌት ቀጥ ያለ ነው፤ ሁለተኛው ተንሻፎ መስመሩን ለቋል። ደጋግማ አስተያየቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ አያቷን ትኩር ብላ አየቻቸው።

አንዱን ጀሪካን በሁለት እጇ ገፋችና አጠገቧ ቦታ ለቀቀችላቸው።